የአስታማሚዎች አስታማሚ፦ ሲስተር ሩቂያ አደም

ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ኢክራም ደወለችልኝ። የሲስተር ሩቂያ አደም የመጨረሻ ልጅ ናት። «እማዬ ሱብሒን ሰግዳ ጋደም አለች፤ ከዚያ አልነቃችም። ለሆስፒታሉ ሰዎች አንተ ንገርልኝ» አለችኝ። የእሷ ድምፅ የተረጋጋ ነበር፤ የእኔ ግን አልነበረም። ለሁሉም በየስማቸው ልደውል ብዬ ጀመርኩና ጥቂት ሰዎች ጋ እንደደወልኩ አቃተኝ። ስለዚህ ያልደረስኳችሁ ባልደረቦቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸው፣ ያስተማሯችሁና ያስታመሟችሁ ሁሉ መርዶውን ከዚህ ጽሑፍ ስለምትሰሙ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሲስተር ሩቂያ በኩላሊት ሕመም ከአንድ ዓመት በላይ ሲታከሙ ቆይተው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ቀብራቸው በዚያው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ተፈጸመ። ፀሐዩ የድሬዳዋ ፀሐይ ነበር፤ ሆኖም ጥላ ፍለጋ ዞር ያለ ሰው አላየሁም። አፈር ለማልበስ አካፋ ከሚቀባበሉት መካከል ቀዶ ሐኪም ነበረ፣ ዘበኛ ነበረ፣ የባጃጅ ሾፌር ነበረ። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ጠጋ አሉኝና ሟቿ የየትኛው ቤተሰብ ሰው እንደነበሩ ጠየቁኝ። የሆስፒታል ነርስ ነበሩ ስላቸው ግራ ገባቸው። «ታዲያ ይህ ሁሉ ወንድ እንደ እናቱ የሚያለቅሰው ለምንድን ነው?» አሉኝ። መልሱ ለዚያ ሰዓት ረጅም ነበር። አሁን ልሞክር።

ሲስተር ሩቂያ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነበሩ። አባታቸው ልብስ ሰፊ፣ እናታቸው በቀፊራ ገበያ ቅመም ነጋዴ ነበሩ። በዚያ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው አንድ ቋንቋ ብቻ ሊናገር አይችልምና እሳቸውም ሲቆጡ በሶማሊኛ፣ ሲያጽናኑ በኦሮምኛ፣ ሥራ ሲያዝዙ ደግሞ በአማርኛ ነበር። እኛ ገና ቃሉን ሳንሰማ በቋንቋው ብቻ ምን እንደሚጠብቀን እናውቅ ነበር። ሥራ የጀመሩት በማዋለጃ ክፍል ነው። ለብዙ ዓመታት አዋልደዋል። ባጃጅ አክንፎ የሚነዳ ወጣት ባጋጠማቸው ቁጥር ትከሻውን ነካ አድርገው «ቀስ በል፤ በእጄ ነው የተወለድከው» ይሉት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነበር። እውነት ባልሆነም ጊዜ ሾፌሩ ቀስ ይላል።

ከማዋለጃ ክፍል ወደ አእምሮ ሕክምና የተሻገሩት በአርባዎቹ ዕድሜያቸው ሲሆን ምክንያታቸው ታናሽ ወንድማቸው ጀማል ነበሩ። ጀማል በወጣትነታቸው አእምሯቸው ታወከ። ቤተሰቡ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ያስገባቸው ነበር፤ በክፋት ሳይሆን በሐፍረት። ሲስተር ሩቂያ ይህንን ለሁላችንም በግልጽ ይነግሩን ነበር። «ጀማልን ያሰረው በሽታው አልነበረም፤ እኛ ነን» ይሉ ነበር። ልጆቻቸውን ለእናታቸው ትተው ሄደው ተማሩና የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆነው ተመለሱ። ወንድማቸውን ከጓዳ አውጥተው አሳከሙ። ጀማልም ተሻላቸው፤ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፍተው ለዓመታት ሠሩ።

በሆስፒታሉ የተሰጣቸው ክፍል ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነበር። ሕመምተኞች በጓሮ በር፣ ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው ይገቡ ነበር። ሲስተር ሩቂያ ይህ አላስቻላቸውም። ክፍሉ ወደ ዋናው ግቢ የሚከፈት በር እንዲወጣለት ደጋግመው ጠየቁ፤ በመጨረሻም ተፈቀደላቸው። በሩ ከተከፈተ በኋላም ግን ብዙው ሰው፣ በተለይ እኛ የጤና ባለሙያዎቹ፣ በዚያ በር መታየትን እንፈራ ነበር።

ከዚያ ኮሮና መጣ።

እኔ ሰሎሞን እባላለሁ። ያኔ የጽኑ ሕሙማን ነርስ ነበርኩ፤ ወደ ለይቶ ማከሚያው ከተመደቡት መካከል አንዱ ሆንኩ። በድሬዳዋ ሙቀት ያንን የፕላስቲክ ልብስ ለብሶ መዋል ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል። ላባችን በጓንታችን ውስጥ ተጠራቅሞ ጣታችን እንደ ሕፃን እጅ ይጨማደድ ነበር። ግን የከበደን ልብሱ አልነበረም። ዩኒፎርማችንን ያየ ባጃጅ አይቆምልንም። አንዲት ባልደረባችን ከሥራ ስትመለስ ፍራሿ ከአከራዮቿ በር ውጭ ተቀምጦ ጠበቃት። ውጭ ያለው ሰው በቴሌቪዥን ጀግኖች ይለናል፤ በመንገድ ላይ ግን ይሸሸናል።

በዚያ ሰሞን አንድ መምህር ታካሚዬ ነበሩ። ባለቤታቸው ገብተው ሊያዩአቸው ስለማይፈቀድ በእኔ ስልክ አገናኛቸው ነበር። ስልኩን በጆሯቸው ላይ እይዝላቸዋለሁ። አንድ ቀን ባለቤታቸው እየተናገሩ ሳለ መምህሩ ትንፋሻቸው ቆመ። ሚስትየው አላወቁም፤ ስለ ልጆቹ ማውራታቸውን ቀጠሉ። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስልክ በጠራ ቁጥር የሚስትየው ድምፅ ይሰማኛል። ስልኬን ዘጋሁት። ሥራዬን እሠራለሁ፣ የታዘዘውን መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ግን ከሰው ጋር አላወራም። ገንደ ቆሬ ሰፈር ያለችው እናቴ ድምፄን ስታጣ ሞቷል ብላ ደመደመችና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ በር ላይ መጥታ ተቀመጠች። ያገኟት ሲስተር ሩቂያ ነበሩ። ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ ውኃ ሰጥተው፣ ወሬዋን ሁሉ ሰምተው ወደ እኔ መጡ። አልተቆጡኝም። ለምን ስልክ አታነሣም ብለውም አልጠየቁኝም። «እናትህ በር ላይ ናቸው። ና፣ ከሩቅ እንያቸው» ብቻ አሉኝ።

እናቴ ከአስፋልቱ ማዶ፣ እኔ ከወዲህ ሆነን ተያየን። እሷ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች፤ እኔ ጭምብሌ ውስጥ አለቀስኩ። ሲስተር ሩቂያ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ በኋላ የነገሩኝ ሕይወቴን ሁሉ አብሮኝ ይኖራል። «ይህ ስንፍና አይደለም፤ የእምነት ማነስም አይደለም። ሰው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም የሚመጣ ነው። ስም አለው፤ ሕክምናም አለው። ነገ ጠዋት በዋናው በር ገብተህ እኔ ጋ ትመጣለህ» አሉኝ።

ሄድኩ። ሰው እንዳያየኝ በሩ አጠገብ ስደርስ ተፋጠንኩ፤ ግን ሄድኩ። በስንት ቀን እንደተሻለኝ ዛሬ አላስታውስም። የመጀመሪያውን ስልክ ያነሣሁት እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። የደወለችው እናቴ ነበረች። እሳቸው ነበሩ እንድትደውል ያደረጓት።

እንደ እኔ ያለው ብዙ መሆኑን ሲያዩ ሲስተር ሩቂያ ሌላ ነገር ጀመሩ። በግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ፈረቃ ሲለወጥ፣ ሙቀቱ ረገብ ሲል፣ ጥላው ሥር ወንበሮችን አራርቀው ደረደሩ። ወንበሮቹን ያሸከሙት እኔን ነበር። ሐኪምም ይሁን የጽዳት ሠራተኛ የመጣ ሁሉ ይቀመጣል። ሰው ሲናገር አይቋረጥም። እዚያ የተባለ ነገር ከዛፉ ጥላ አይወጣም። ከዚህ ሌላ ደንብ አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን። ሲስተር ሩቂያ ራሳቸው ጀመሩ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ እግራቸው አልሄድ ብሏቸው ደጃፍ ላይ ቆመው እንደቀሩ፣ ፈርተው እንደመጡ ነገሩን። ያንን ስንሰማ ደነገጥን፤ እሳቸው የሚፈሩ አይመስለንም ነበርና። ቀጥሎ የተናገረው የበሩ ዘበኛ ነው፤ ይህንን የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው። ቤቱ ሲገባ ትንሿ ልጁ እንደ ድሮው ሮጣ ልታቅፈው ስትል «አትንኪኝ» ብሎ እንደጮኸባት፣ አሁን እሱን ስታይ እንደምትደበቅ ተናገረ። ይህንን ሲል አንድ ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያዝዝ የኖረ ሐኪም ዓይኑን ሲጠርግ አየሁ። ከዚያ በኋላ ወንበር አይበቃንም ነበር።

ሁሉም ግን አልወደደውም። አንድ ኃላፊ ሠራተኛው ተሰብስቦ ማልቀሱ ሞራል ይገድላል፣ የሥራ ሰዓትም ይሻማል ብሎ ተቃወመ። ሲስተር ሩቂያ አልተከራከሩትም። መጥቶ እንዲቀመጥ ጋበዙት። ከብዙ ግብዣ በኋላ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ምንም ሳይናገር ሄደ። ስብሰባውን ግን ዳግመኛ አልነካብንም።

አሁን ስለ ዶክተር ዮናታን እጽፋለሁ። ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ። «ጻፈው፤ አንድ ሰው ቢተርፍበት ይበቃኛል» ብሎኛል።

ዮናታን ወጣት ሐኪም ነበር፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ተከራይቶ ብቻውን ይኖር ነበር። የመተንፈሻ መሣሪያው ለሁሉም በማይበቃበት ሰሞን ለማን እንደሚሆን የመወሰኑ ዕዳ በእሱ ላይ ወደቀ። ይቀልድ የነበረው ሰው ዝም አለ። ዛፉ ሥርም መምጣቱን ተወ። አንድ ቀን ፈረቃ ስንቀያየር ስቴቶስኮፑን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠኝና «አንተ ያዘው፤ ከእንግዲህ እኔን አያስፈልገኝም» አለኝ። መጻሕፍቱንም ለተለማማጅ ሐኪሞች ማከፋፈሉን ሰምቼ ነበር። ነገሩ ስላላማረኝ በቀጥታ ወደ ሲስተር ሩቂያ ሄድኩ። እየበሉ ነበር፤ የጎረሱትን ሳይጨርሱ ተነሡ።

በባጃጅ ከዚራ ደረስን። ዮናታን በሩን ከፈተልን፤ ቤቱ በንጽሕና ተሰናድቶ ነበር፤ መንገደኛ የሚወጣበት ቤት ይመስላል። እኔ እንዴት እንደምንጀምር እያሰብኩ ሳለ ሲስተር ሩቂያ ጭምብላቸውን አስተካክለው ከፊቱ ተቀመጡና ዓይኑን እያዩ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?»

እንዲህ ያለ ነገር በግልጽ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም፤ መጠየቁ ራሱ ሐሳቡን የሚያመጣ መስሎኝ ነበር። ዮናታን «አዎ» አለ። የሞቱበትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ መጥራት ጀመረ። ሲስተር ሩቂያ አላቋረጡትም። እግዚአብሔርን አትፈራም ወይ፣ እናትህን አታስብም ወይ አላሉትም። ሲጨርስ እንዲህ አሉት፦ «መሣሪያውን ያሳነስከው አንተ አይደለህም። እጥረቱ የአንተ ኃጢአት አይደለም። ይህ ሕመም ነው፤ ይታከማል። እስክትድን ድረስ ብቻህን አትሆንም።»

ብቻውንም አልሆነም። በዚያው ሰዓት ለአእምሮ ሐኪሙ ደውለው ሕክምናው በዚያው ቀን እንዲጀመርለት አደረጉ። ከባልደረቦቻችን መካከል ተራ ወጥቶ አብሮት የሚያድር ሰው ተገኘ፤ እኔም ተራዬ ሲደርስ አብሬው ነበርኩ። ወንድሙ ከሩቅ መጥቶ ወሰደው። ከወራት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዛሬ ዮናታን በሌላ ከተማ የሕፃናት ሐኪም ነው፤ አግብቶ ወልዷል። መርዶውን በሰማ ማግስት ለቅሶ ቤት ደረሰ። ከኢክራም ጋር ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሁላችንም ወጣ ብለን ተውናቸው።

ብዙ ሰው ሲስተር ሩቂያን በዚህ ያስታውሳቸዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ወረርሽኙ ድጋሚ በበረታበት ጊዜ ጀማል ታመሙና ሞቱ። እኅትየው ቀብረው፣ ሦስቱን የለቅሶ ቀን ተቀምጠው ሥራ ገቡ። እኛም ጠንካራ ናቸው አልን። ሳምንታት አለፉ። ፊታቸው እየከሳ ሄደ፤ የተጠየቁትን ይረሱ ጀመር፤ ያ ግቢውን የሚሞላው ሳቃቸው ጠፋ። ማናችንም ደፍረን አልጠየቅናቸውም። እሳቸው የሚጠይቁን እንጂ እኛ የምንጠይቃቸው አይመስለንም ነበር።

አንድ ቀን ዛፉ ሥር እንደተለመደው ተሰብስበን እንዲጀምሩልን ስንጠብቅ ወንበራቸውን ከፊት አንሥተው ከእኛ መካከል አስቀመጡት።

«ዛሬ የእኔ ተራ ነው» አሉ። «እንቅልፍ የለኝም። ምግብ አፈር ይለኛል። ወንድሜን ከጓዳ አወጣሁትና ለዚህ በሽታ ሰጠሁት ብዬ ራሴን እከስሳለሁ። ትናንት ሐኪም ጋ ሄጄ ታይቻለሁ፤ መድኃኒትም ጀምሬያለሁ። ከእናንተ ልደብቀው አልፈልግም።»

ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ ተነሥታ፣ መራራቁንም ረስታ፣ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች። ሲስተር ሩቂያ ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ። እኔ ከዚያ በፊት እሳቸው በሰው ላይ ሲደገፉ አይቼ አላውቅም።

ወሬው በማግስቱ ከግቢው ወጣ፤ ያወጡት ራሳቸው ነበሩ። የአእምሮ ነርሷ ራሷ ታመመች ብለው ያሽሟጠጡም አልጠፉም። ይህ ሲነገራቸው «የጥርስ ሐኪም ጥርሱን አያመውም ያለው ማን ነው?» ብለው መለሱ። ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀልዱ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ዕረፍት ወስደው ሐርላ መንደር ዘመዶቻቸው ዘንድ ሰነበቱ። ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ፍየሎች ሲገቡ ያያሉ። የዓይናቸው ብርሃን ተመልሷል። አንዲት ጥቁር ፍየል እሳቸውን እንደማትወድ፣ እሳቸውም እሷን እንደማይወዱ ነገሩኝና ሳቁ። ወደ ማታ ገደማ ስሰናበታቸው ሰው የሚታዘዝለትን መድኃኒት መዋጥ ከማዘዝ እንደሚከብድ አሁን እንደገባቸው ነገሩኝ። «ከእንግዲህ የተሻልኩ ነርስ እሆናለሁ» አሉኝ። ሆኑም።

ሲመለሱ የሆነውን ላስረዳችሁ። በዋናው ግቢ በኩል በሚከፈተው በር ሰዎች ሳይሸፈኑ መግባት ጀመሩ። መጀመሪያ ነርሶች፣ ቀጥሎ ሐኪሞች፣ ቀጥሎ የከተማው ሰው መጣ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ከሥራ የሚወጡ ወጣት ሴቶች ሁለት ሦስት ሆነው እየመጡ ቤተሰባቸውን ስለመናፈቃቸው፣ እንቅልፍ ስለማጣታቸው ያማክሯቸው ነበር። አንዲት እናት ለዓመታት ቤት ያቆየችውን ልጇን ይዛ ስትመጣ «ሲስተሯም ታክመዋል ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለች። ሲስተር ሩቂያ ልጁን ተቀብለው ካስገቡ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው «ጀማል ይህን ቢያይ» አሉ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እኔን ወደ አእምሮ ሕክምና ነርስነት የገፉኝም እሳቸው ናቸው። አልችልም ስላቸው፣ ያመመው ሰው መንገዱን ያውቃል ብለው ማመልከቻዬን በር ድረስ አጅበው አስገቡኝ። ተምሬ ስመለስ አጠገባቸው አስቀምጠው እንዴት ዝም እንደሚባል አስተማሩኝ። ከመድኃኒቱ ሁሉ ይልቅ ለመማር የከበደኝ እሱ ነበር። ሰው ሲያለቅስ ቶሎ አይዞህ ማለት ራስን ማሳረፍ እንጂ እሱን ማሳረፍ አይደለም ይሉ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ወራት በየሳምንቱ እየተመላለሱ የኩላሊት እጥበት ሲደረግላቸው አብሬያቸው እቀመጥ ነበር። ደክመዋል፤ ግን አጠገባቸው ከሚታጠቡት ጋር ይጫወታሉ፤ ነርሶቹን ዛሬ ምሳ በልታችኋል ወይ፣ ትናንት ተኝታችኋል ወይ ይላሉ። ሞትን ይፈሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና። አንዳንድ ቀን እንደሚፈሩ፣ በፈሩ ቀን ለኢክራም እንደሚነግሯት፣ ከነገሯት በኋላ እንደሚቀልላቸው አወሩኝ። «ብቻዬን አልፈራሁም» አሉኝ። በመጨረሻ ከሰጡኝ ቃላት መካከል አንዱ ይህ ነው።

ለኢክራም፣ ለወንድሞቿ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ መጽናናትን እመኛለሁ። እናታችሁን ለዓመታት ለእኛ አውሳችሁን ነበርና እናመሰግናችኋለን።

ሲስተር ሩቂያ፣ እንግዲህ ከእርስዎ ጋር የምለያይበት ሰዓት ነው። እርስዎ ያስተማሩኝ ዝምታ ዛሬ አልሆነልኝም፤ ብዙ ተናገርኩ። ፈጣሪ ነፍስዎን በጀነት ያሳርፍልን፤ የወንድምዎን ፊት በደስታ ያሳይዎ። ስለ እኛ አይጨነቁ። የዘበኛው ልጅ ትምህርት ቤት አንደኛ ወጥታለች፤ ሪፖርቷን ይዛ ለቅሶ ቤት መጥታ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ዋለች። ዮናታን ወደ ልጆቹ ተመልሷል። ትናንት አንድ አዲስ የተቀጠረ ወጣት ነርስ ክፍሌ በር ላይ ቆሞ ከየት እንደሚጀምር እንደማያውቅ ነገረኝ። ግባ አልኩት፤ ገባም።

ደኅና ይሁኑ፣ እናቴ። እኛም ደኅና ነን። ደኅና ባልሆንን ቀን ደግሞ ለሰው እንናገራለን።